ዛሬ ማታ የትኛውን እንይ? የ2023 ምርጥ ፊልሞቼ በንጽጽር

ቅዳሜ ማታ ነው። እራት ተበልቷል። «እሺ፣ ምን እንይ?» ይባላል። አንዱ ትሬለር ይከፍታል። ሌላው «እሱማ ሦስት ሰዓት ነው» ይላል። ሦስተኛው ዝም ብሎ ስልኩ ውስጥ ይገባል። አርባ ደቂቃ ያልፋል። መጨረሻ ላይ የሚከፈተው ሁላችንም በቃላችን የምናውቀው ኮሜዲ ነው። ይህ በእኛ ቤት ስንቴ እንደተደጋገመ ቆጥሬ አልጨርሰውም።

በፈረንጆቹ 2023 የወጡት ፊልሞች ደግሞ ነገሩን አባሱት። ጥሩ ጥሩው በአንድ ዓመት መጣና ዓይን አዋጅ ሆነብን። እኔ ከሁሉም አስበልጬ የወደድኳቸው ስምንት ናቸው። ስምንቱንም ቢያንስ ሁለት ሁለቴ አይቻቸዋለሁ። ጓደኞቼ «ከየቱ ልጀምር?» ሲሉኝ ግን ለሁሉም አንድ መልስ እየሰጠሁ ብዙ ጊዜ ተሳስቻለሁ።

እህቴን ልንገራችሁ። «ኦፐንሃይመርን እዪው» አልኳት። ከሥራ ደክሟት ገብታ፣ ማታ አራት ሰዓት ላይ፣ አልጋዋ ውስጥ ሆና በስልኳ ከፈተችው። አንድ ሰዓት ሳይሞላ እንቅልፍ ወሰዳት። በማግስቱ «ምኑ ነው ያን ያህል የተወራለት? ሰዎች ቁጭ ብለው ሲያወሩ ነው የሚውሉት» አለችኝ። ከወራት በኋላ እሑድ ከሰዓት፣ በትልቅ ቴሌቪዥን፣ ስፒከር ሰክተን አብረን አየነው። የአቶሚክ ቦምቡ የሙከራ ፍንዳታ ሲደርስ ክንዴን ጨምድዳ ይዛው ነበር። ፊልሙ ያው ፊልም ነው። የተለወጠው ሰዓቱና ስክሪኑ ነው።

ስለዚህ እዚህ «አንደኛ፣ ሁለተኛ» ብዬ አልደረድርም። ለየትኛው ማታ፣ ከማን ጋር፣ በምን ስክሪን የትኛው እንደሚሻል ነው የማነጻጽረው። የታሪኮቹን መጨረሻ አልናገርም።

መጀመሪያ መስፈርቶቹ

አንደኛው ርዝመት ነው። ከስምንቱ አጭሩ 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ፣ ረጅሙ 3 ሰዓት ከ26 ደቂቃ ነው። ሥራ ውሎ የገባ ሰው ከሁለት ሰዓት በላይ አይችልም። ረጅሞቹን ለእረፍት ቀን ማቆየት ይሻላል።

ሁለተኛው ዳታ ነው። በኢንተርኔት ለሚያይ ሰው ይህ የገንዘብ ጉዳይ ነው። በመካከለኛ ጥራት በሰዓት 1 ጊጋባይት ገደማ ይሄዳል። በኤችዲ ከሆነ እስከ 3 ጊጋባይት። ረጅሙ ፊልም በኤችዲ ብቻውን 10 ጊጋባይት አካባቢ ይበላል ማለት ነው። ፓኬጅ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አስሉ። መብራት ይሄዳል ብላችሁ ከሰጋችሁም ቀደም ብላችሁ ዳውንሎድ አድርጉት።

ሦስተኛው ስክሪንና ድምፅ ነው። አንዳንድ ፊልም በስልክም ያው ነው። አንዳንዱ ደግሞ በስልክ ከታየ እንዳልታየ ይቆጠራል።

አራተኛው ሰብታይትል ነው። ከስምንቱ ስድስቱ በሙሉ ወይም በከፊል ከእንግሊዝኛ ውጭ በሆነ ቋንቋ የተሠሩ ናቸው። አብሯችሁ የተቀመጠው ሰው ፈጥኖ የማያነብ ከሆነ ወይ ትተረጉሙለታላችሁ፣ ወይ ይሰለቻል።

አምስተኛው አብሯችሁ የሚያየው ሰው ነው። አባት ሶፋው ላይ ተቀምጠው ሳለ አንድ ትዕይንት ሲመጣ ሪሞት ፍለጋ መደናበር ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

የመጨረሻው የራሴ መለኪያ ነው፤ በማግስቱ ምን ይቀራል? ጠዋት ታክሲ ወረፋ ላይ ቆሜ ስለ ፊልሙ እያሰብኩ ከሆነ ጥሩ ፊልም ነበር ማለት ነው።

ሽልማትን መስፈርት አላደረግኩትም። ከስምንቱ አንዱ ለ10 ኦስካር ታጭቶ አንድም ሳያገኝ ተመልሷል። እኔ ግን ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ።

ለልቤ የቀረበው፦ «ፓስት ላይቭስ»

አንድ ብቻ ምረጥ ብባል ይህን ነው የምመርጠው። ሴኡል ውስጥ አንዲት የ12 ዓመት ልጅ አለች። የክፍል ጓደኛዋን ትወደዋለች። ቤተሰቦቿ ወደ ካናዳ ሊሄዱ ነው። የመጨረሻ ቀን ከትምህርት ቤት አብረው ይመለሳሉ። መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። እሷ ደረጃውን ትወጣለች፣ እሱ በቀጥታው ቅያስ ይሄዳል። በቃ። ካሜራው ከሩቅ ቆሞ ሁለቱን ያያቸዋል።

ከ12 ዓመት በኋላ በስካይፕ ይገናኛሉ። እሷ ኒውዮርክ፣ እሱ ሴኡል። ምስሉ ይቆራረጣል፣ አንዱ ሊተኛ ሲል ሌላው ይነሳል። ሌላ 12 ዓመት ያልፍና እሱ ኒውዮርክ ይመጣል። እሷ ያኔ አግብታለች።

ዳይሬክተሯ ሴሊን ሶንግ ራሷ በ12 ዓመቷ ከኮሪያ ወደ ካናዳ የሄደች ናት። ይህ የመጀመሪያ ፊልሟ ነው። ለምርጥ ፊልምና ለምርጥ ድርሰት ኦስካር ታጭቷል። ፊልሙ ውስጥ «ኢንዮን» የሚባል የኮሪያ ቃል አለ። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች መንገድ ላይ ልብሳቸው ቢነካካ እንኳ በቀደመ ሕይወት አንድ ነገር ነበራቸው ማለት ነው ይላሉ። የእኛ ሰው «እጣ ክፍሌ ሆኖ» እንደሚለው ነው፤ ልዩነቱ የእነሱ ከመወለድ በፊት መጀመሩ ነው።

ዲቪ ደርሶት የሄደ ጓደኛ፣ ዓረብ አገር የገባች እህት ያለው ሰው ይህን ፊልም በባዕድ ዓይን ማየት አይችልም። ኢሞ ላይ «ይሰማል? ይሰማል?» እየተባባልን ያደግን ነን። ሄዶ የቀረውም ወገን የራሱን ያገኝበታል። ባልየው አሜሪካዊ ነው። ሚስቱ በእንቅልፍ ልቧ የምታወራው በኮሪያኛ ብቻ እንደሆነ፣ እሱ የማይገባበት አንድ ክፍል በውስጧ እንዳለ የሚነግራት ትዕይንት አለ። አይቆጣም፣ አይከስም። ውጭ አገር የሌላ አገር ሰው ያገባ ሁሉ ያን ንግግር ያውቀዋል።

እኔ መጀመሪያ ያየሁት ብቻዬን ነው። ሲያልቅ ሰባተኛ ክፍል ሳለን ለሄደ የሰፈሬ ልጅ ደወልኩ። ዘጠኝ ዓመት አልተደዋወልንም ነበር። «ምነው፣ ሰው ሞተ እንዴ?» ብሎ ነው ያነሳው።

ድክመቱን ልንገራችሁ። ድርጊት የለውም። የሚያሳድድ የለም፣ የሚሸሽ የለም። ሦስት ሰው ነው፤ ይራመዳሉ፣ ያወራሉ። ፈጣን ነገር የሚፈልግ ሰው ያንቀላፋበታል። በስልክ ቢታይ ግን ብዙ አይጎዳም። አጭር ነው፣ ጨዋ ነው፣ ከወላጅ ጋርም ይታያል።

ሦስት ሰዓት ካላችሁ፦ «ኦፐንሃይመር» ወይስ «ኪለርስ ኦፍ ዘ ፍላወር ሙን»?

በብዛት የምጠየቀው ይህን ነው። ሁለቱም ረጅም ናቸው፣ ሁለቱም የአሜሪካ እውነተኛ ታሪክ ናቸው፣ ሁለቱም ከመጽሐፍ የመጡ ናቸው። ሲታዩ ግን አይገናኙም።

«ኦፐንሃይመር» የክሪስቶፈር ኖላን ነው። የአቶሚክ ቦምብን ፕሮጀክት የመራው ሳይንቲስት ታሪክ ነው። ሙከራው በፈረንጆቹ ሐምሌ 1945 ኒው ሜክሲኮ በረሃ ውስጥ ነው የተካሄደው። ፊልሙ 7 ኦስካር ወስዷል፤ ምርጥ ፊልም፣ ምርጥ ዳይሬክተርና ለኪሊያን መርፊ ምርጥ ተዋናይ ጭምር። የሚያስቸግረው ዘመን እየቀያየረ መዝለሉ ነው። አንድ ነገር ካወቃችሁ ግን ግማሹ ድካም ይቀልላችኋል። በቀለም የምታዩት ኦፐንሃይመር ራሱ ባየበት ዓይን ነው። ጥቁርና ነጭ ሲሆን የሉዊስ ስትራውስ፣ ሮበርት ዳውኒ ጁንየር የሚጫወተው ባለሥልጣን፣ ወገን ነው። እህቴ ሁለተኛ ጊዜ ስታይ ይህን ብቻ ነግሬያት ነበር።

የፍንዳታው ትዕይንት ለምን ትልቅ ስፒከር እንደሚፈልግ ላስረዳ። መጀመሪያ ብርሃኑ ይመጣል። ድምፅ የለም። የትንፋሽ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ብርሃን ከድምፅ ስለሚቀድም እንደ እውነቱ ነው ያደረጉት። ዝምታው ይረዝማል። እናንተም ትንፋሻችሁን ትይዛላችሁ። ከዚያ ይደርሳል። በስልክ ስፒከር ይህ ሁሉ አንዲት «ጧ» ሆና ትቀራለች። ሌላው ማስጠንቀቂያ፣ ራቁት ገላ የሚታይበት ትዕይንት አለው። ከወላጅና ከልጅ ጋር አይሆንም።

«ኪለርስ ኦፍ ዘ ፍላወር ሙን» የማርቲን ስኮርሴሲ ነው። ኦክላሆማ ውስጥ የሚኖሩት፣ ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆኑት የኦሴጅ ሕዝብ መሬታቸው ላይ ነዳጅ ተገኝቶ ሀብታም ሆኑ። በ1920ዎቹ ግን አንድ በአንድ መሞት ጀመሩ። ገዳዩ ማን እንደሆነ ፊልሙ ቶሎ ይነግራችኋል። የሚያስጨንቀው ሌላ ነው፤ ገዳዩ አብሮ ይበላል፣ ያገባል፣ ልጅ ይወልዳል። ሊሊ ግላድስቶን ሞሊ የምትባለውን የኦሴጅ ሴት ሆና ትጫወታለች። ሊዮናርዶ ዲካፕሪዮ ከሚጫወተው ሰው ጋር ገና መተዋወቅ ሲጀምሩ ውጭ ዝናብ ይወርዳል። ዲካፕሪዮ ያወራል፣ ይንቀሳቀሳል፣ መስኮት ሊዘጋ ይነሳል። ሞሊ ዝም እንዲል ትነግረዋለች። ማዕበሉ ኃይል አለው፤ ሲያልፍ ዝም ብሎ መቀመጥ ነው። ብርድ ልብሷን ተከናንባ ዝናቡን ታዳምጣለች። እናቶቻችን ነጎድጓድ ሲሆን ሬዲዮ የሚያዘጉን ትዝ አለኝ።

10 ጊዜ ታጭቶ ባዶ እጁን የተመለሰው ይህ ነው። እኔ በርዝመቱ ከሚከሱት ወገን አይደለሁም። ግን አንድ ማታ ላይ መጨረስ ግዴታ አይደለም። ሁለት ቦታ ከፍላችሁ እዩት፤ ለዚህ ፊልም እረፍት አይጎዳውም። «ኦፐንሃይመር»ን ግን ካቋረጣችሁት ይበተንባችኋል። ልዩነታቸውም እዚህ ላይ ነው። አንድ ሙሉ እሑድ ከሰዓትና ጥሩ ስፒከር ያለው ሰው «ኦፐንሃይመር»ን ይይ። ስፒከሩ የሌለው፣ ሁለት ማታ ያለው ሰው «ኪለርስ»ን።

አንዲት ተዋናይት፣ ሁለት ፊልም

ጀርመናዊቷ ሳንድራ ሁለር በዚያ ዓመት ሁለት ታላላቅ ፊልም ውስጥ ነበረች። የካን የፊልም ፌስቲቫልን ትልቁን ሽልማት ፓልም ዶር «አናቶሚ ኦፍ ኤ ፎል» ወሰደ፤ ሁለተኛውን፣ ግራንድ ፕሪውን፣ «ዘ ዞን ኦፍ ኢንተረስት»። ሰዎች ስማቸውን አንድ ላይ ስለሚሰሙ ያምታታቸዋል። አትሳሳቱ፤ አንዱ ወሬ ለሚወድ ቤት ነው፣ ሌላው ለብቸኛ ማታ።

«አናቶሚ ኦፍ ኤ ፎል» የጀስቲን ትሪዬ ነው። ፈረንሳይ፣ ተራራ ላይ ያለ ቤት። ባል ከፎቅ ወድቆ ሞቶ ይገኛል። ወደቀ? ራሱን ጣለ? ሚስቱ ገፋችው? ያለው ምስክር ዓይኑ በደንብ የማያይ ልጃቸውና ውሻው ናቸው። ከዚያ ፍርድ ቤት ነው። ፍላሽ ላይ የተገኘ የባልና ሚስት ጠብ የሚደመጥበት ትዕይንት አለ። ጭቅጭቁ ሀ ብሎ ሲጀምር ተራ ነገር ነው፤ ማን ለማን ጊዜ ሰጠ፣ በማን ቋንቋ እናውራ። እሷ ጀርመናዊት፣ እሱ ፈረንሳዊ፣ ቤት ውስጥ የሚግባቡት በእንግሊዝኛ ነው። ፍርድ ቤቱ ደግሞ በፈረንሳይኛ እንድትከላከል ይፈልጋል። በሰው አገር ቋንቋ ራስን መከላከል ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያየ ሰው አንጀቱ ይላወሳል። ከአራት አምስት ጓደኛ ጋር እዩት። ሲያልቅ ቤቱ ለሁለት ይከፈላል። እኛ እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ተከራክረናል፤ አሁንም አልተስማማንም።

«ዘ ዞን ኦፍ ኢንተረስት»ን ግን አብሬ አላየውም። የጆናታን ግሌዘር ነው። ናዚዎች አይሁዶችን የጨፈጨፉበት የአውሽዊትዝ ማጎሪያ አዛዥ ሩዶልፍ ሆስ፣ ሚስቱና አምስት ልጆቹ ከግንቡ ወዲህ ይኖራሉ። አትክልት አለ፣ መዋኛ አለ፣ የልጆች ሳቅ አለ። ካሜራው ከግንቡ ወዲያ ያለውን ግድያ አያሳያችሁም። ድምፁ ግን ይመጣል፤ ጥይት፣ ጩኸት፣ ቀኑን ሙሉ የማይቆም ጉርምርምታ። አንድ ቦታ ላይ ሚስቲቱ የጸጉር ካፖርት ይመጣላታል። መስታወት ፊት ለብሳ ትዞራለች። ኪሱ ውስጥ ሊፕስቲክ ታገኛለች። ከንፈሯን ትቀባለች። የማን እንደነበር ማንም አይናገርም። ሆዴ የታመመው እዚያ ላይ ነው።

ከድምፁ የተነሳ ያለ ሄድፎን ወይም ያለ ጥሩ ስፒከር አትዩት። የድምፅ ኦስካርም ያገኘው በዚህ ነው። ከልጅ ጋር አይሆንም፤ የሚያሳየው ደም ስላለ ሳይሆን የሚያሰማው ስለሚከብድ።

እናቴ እስከ መጨረሻ ያየችው፦ «ፐርፌክት ዴይስ»

እናቴ ሰብታይትል አታነብም። ፈረንጅ ፊልም ስንከፍት ጓዳ ትገባለች። ይህን ሳይ ግን ምስር እየለቀመች አጠገቤ ነበረች። ቶኪዮ ውስጥ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት የሚያጸዳ ሂራያማ የሚባል ሰው ነው። ጎህ ሲቀድ የመጥረጊያ ድምፅ ይቀሰቅሰዋል። ፍራሹን ያጥፋል። ችግኞቹን ውኃ ያጠጣል። መኪናው ውስጥ የድሮ ካሴት ይከታል። ሥራው ቦታ ሲደርስ ማንም የማያየውን የመቀመጫውን ስር ሳይቀር በትንሽ መስታወት እያየ ይፈትጋል።

የእናቴ እጅ ቆመ። «ይኼ ሰውዬ እንዴት ያለ ጨዋ ነው» አለች። ምስሩ ሳይለቀም እስከ መጨረሻው አየችው።

ዳይሬክተሩ ጀርመናዊው ቪም ቬንደርስ ነው። ዋናው ተዋናይ ኮጂ ያኩሾ በካን የምርጥ ተዋናይ ሽልማት አግኝቶበታል። ሰውየው ብዙ ስለማይናገር ለማንበብ የሚያስቸግር ነገር የለውም። ከስምንቱ ለአዛውንት የምመክረው መጀመሪያ ይህን ነው። ችኩል ለሆነ ሰው ግን አልመክርም፤ ቀኑ ይመሻል፣ ይነጋል፣ ደግሞ ይመሻል።

የቀሩት ሁለቱ

«ጎድዚላ ማይነስ ዋን» ጎረምሶች ላሉበት ቤት ነው። ጃፓን በጦርነት ተሸንፋ ፍርስራሽ ላይ ቆማለች፤ ከባሕር አውሬ ይወጣባታል። ከ15 ሚሊዮን ዶላር ባነሰ ወጪ ተሠርቶ የቪዥዋል ኢፌክት ኦስካርን አሸንፏል። እኔን የያዘኝ ግን አውሬው አይደለም። ሙት ተብሎ ተልኮ ሳይሞት የተመለሰው ፓይለት ነው፤ ጎረቤቱ ፊቷን አዙራ የምትወቅሰው። ቴሌቪዥኑ ትልቅ በሆነ ቁጥር ይጣፍጣል።

«ዘ ሆልዶቨርስ» ለበዓል ማታ ነው። ዘመኑ 1970 ነው። ለገና ሁሉም ወደ ቤቱ ሲሄድ አዳሪ ትምህርት ቤት ውስጥ የቀሩ አንድ ቁጡ መምህር፣ አንድ ተማሪና ልጇን በቬትናም ጦርነት ያጣች ምግብ አብሳይ ናቸው። አብሳይዋን የተጫወተችው ዳቫይን ጆይ ራንዶልፍ ኦስካር አግኝታበታለች። ያስቃል፣ መልሶም ያሳዝናል። ስድብ ስላለበት ልጆች ሲተኙ ይሻላል።

በአንድ ዓይን ለማየት

| ፊልም | ርዝመት | ቋንቋ | ዳታ በመካከለኛ ጥራት | ስክሪንና ድምፅ | ከማን ጋር |
|---|---|---|---|---|---|
| ፓስት ላይቭስ | 1፡46 | ኮሪያኛ፣ እንግሊዝኛ | 1.8 ጊጋ ገደማ | ስልክም ይበቃል | ብቻ፣ ጥንዶች፣ ወላጅ |
| ኦፐንሃይመር | 3፡00 | እንግሊዝኛ | 3 ጊጋ | ትልቅ ስክሪንና ስፒከር ግድ ነው | ጓደኛ |
| ኪለርስ ኦፍ ዘ ፍላወር ሙን | 3፡26 | እንግሊዝኛ፣ ኦሴጅኛ | 3.4 ጊጋ | ቴሌቪዥን | ብቻ፣ ጓደኛ |
| አናቶሚ ኦፍ ኤ ፎል | 2፡31 | ፈረንሳይኛ፣ እንግሊዝኛ | 2.5 ጊጋ | ላፕቶፕም ይሆናል | ሰብሰብ ያለ ጓደኛ |
| ዘ ዞን ኦፍ ኢንተረስት | 1፡45 | በአብዛኛው ጀርመንኛ | 1.8 ጊጋ ገደማ | ሄድፎን ግድ ነው | ብቻ |
| ፐርፌክት ዴይስ | 2፡04 | ጃፓንኛ | 2.1 ጊጋ | ቴሌቪዥን ይሻላል | አዛውንት፣ ቤተሰብ |
| ጎድዚላ ማይነስ ዋን | 2፡05 | ጃፓንኛ | 2.1 ጊጋ | ትልቅ ስክሪን | ጎረምሶች |
| ዘ ሆልዶቨርስ | 2፡13 | እንግሊዝኛ | 2.2 ጊጋ | ማንኛውም | አዋቂዎች፣ የበዓል ማታ |

እንደየሁኔታችሁ

ወላጆች ቤት ካሉ «ፐርፌክት ዴይስ»ን ክፈቱ። ካለቀ በኋላ ጊዜ ካላችሁ «ፓስት ላይቭስ» ይከተል።

አዲስ ቴሌቪዥን ወይም ስፒከር ገዝታችሁ ልትሞክሩት ከሆነ «ጎድዚላ» ይቅደም፣ «ኦፐንሃይመር» ይከተል። ሁለቱም በ1945 የሚገናኙ መሆናቸውን ልብ በሉ። አንዱ ቦምቡን የሠሩትን፣ ሌላው ጦርነቱ ያደቀቃቸውን ያሳያል። በተከታታይ ቅዳሜዎች ቢታዩ ደስ ይላል።

እንግዳ ጠርታችሁ ጨዋታ እንዲደምቅ ከፈለጋችሁ «አናቶሚ» ነው። አዲስ ተጋቢዎች ካሉ ግን ሌላ ቀን ይሁን፤ የጠቡ ትዕይንት ቀልድ አይደለም።

«ዘ ዞን ኦፍ ኢንተረስት»ንና «ኪለርስ»ን በአንድ ሳምንት አትዩ። እኔ አድርጌው ነበር። ለቀናት ሰው ማመን አቃተኝ።

ያላችሁ 2 ጊጋባይትና አንድ ማታ ብቻ ከሆነ «ፓስት ላይቭስ»ን በመካከለኛ ጥራት እዩ። የምትተርፈው ዳታ ውጭ ላለ ጓደኛ በኢሞ ለመደወል ትበቃለች።